ለፌሻል የሚሆን ዕቃ ስገዛ ከስሬ የተማርኩት

ገርጂ ውስጥ ሁለት የፀጉር ወንበርና አንድ የፌሻል (የፊት እንክብካቤ) አልጋ ያላት ትንሽ ሳሎን የከፈትኩት በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ሰው ቤት ተቀጥሬ ፀጉር ሠርቻለሁ። ሹሩባ ቢሉኝ፣ ካስክ ቢሉኝ፣ ቀለም ቢሉኝ እጄ ያውቀዋል። የፊት ሥራን ግን የተማርኩት በሦስት ወር ሥልጠና ነው። ሥልጠናው እጅ ያፍታታል። ዕቃ እንዴት እንደሚገዛ ግን አንድም ቀን አልተነገረንም።

አሁን ሳሎን ሊከፍቱ ያሰቡ እህቶች ይደውሉልኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛውን ብራንድ ልግዛ? ጥሩ ሆኖ የማይወደድ ንገሪኝ።» በስልክ አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። የምጠቀምበትን ብራንድ ስም ግን አልነግራችሁም። ዛሬ የሚያስመጣው ሰው ነገ ሊያቆም ይችላል፤ ያኔ ስሙ አይጠቅማችሁም። እንዴት እንደመረጥኩ ልንገራችሁ፤ በመጀመሪያ ግን እንዴት እንደተሳሳትኩ።

የዋጋ ዝርዝር የሰበሰብኩት ሰኔ 2016 ላይ ነበር። በደብተር ጽፌ፣ ደምሬ፣ የቁጠባ ብሬን መድቤ ጨረስኩ። ከዚያ ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ነሐሴ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልገዛ ስሄድ ደብተሬ ላይ ካለው ዋጋ አንዱም አልነበረም። ደነገጥኩ። ሳሎኑን ተከራይቻለሁ፣ አልጋው ገብቷል፣ ዕቃ የለኝም።

በዚያ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ቴሌግራም ላይ «ሙሉ የፌሻል ስብስብ በቅናሽ» የሚል አየሁ። 14 ዓይነት ዕቃ፣ በወርቃማ ሳጥን፣ 48,000 ብር። ክሌንዘር (የፊት ማጠቢያ)፣ ቶነር (ከታጠበ በኋላ የሚቀባ ውሃ)፣ ሦስት ዓይነት ሴረም (በጠብታ የሚቀባ ፈሳሽ)፣ ስክራብ (ቆዳ መፈተጊያ)፣ አራት ዓይነት ማስክ፣ የዓይን ክሬም፣ ብቻ ያልተካተተ የለም። ሻጩ እቤት ድረስ አመጣልኝ። ደረሰኝ የለም። ደስ ብሎኝ መደርደሪያዬ ላይ ደረደርኩት፣ ፎቶም አነሳሁት።

በስድስት ወር ውስጥ ከ14ቱ ሰባቱን አልነካኋቸውም። የቫይታሚን ሲ ሴረሙ ተከፍቶ ሁለት ወር ሳይሞላው እንደ ሻይ ቡናማ ሆነ። ቫይታሚን ሲ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፤ ቀለሙ ሲጠቁር መጣል ነው። ሁለቱ ማስኮች ላይ ደግሞ ስፖንጅ ላጥብ ብዬ ጠርሙሱን ሳረጥበው የማብቂያ ቀኑ ተላጠ። ከሥሩ ሌላ ቀን አለ። ያለፈበት ቀን። ስልክ ብደውል አይነሳም። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ከብሩ በላይ የሰው ፊት ላይ መቀባቴ ነው ያንገበገበኝ።

ሁሉንም ከመጣሌ በፊት በዚያ ዕቃ ስንት ሰው እንደሠራሁ ከቀጠሮ ደብተሬ ቆጠርኩ። 61 ሰው። 48,000 ለ61 ሲካፈል ለአንድ ፊት 787 ብር ገደማ ይመጣል። እኔ ፌሻል የማስከፍለው 1,500 ብር ነው። ኪራዩ፣ መብራቱ፣ የረዳቴ ደሞዝ፣ ጥጡና ፎጣው ሲቀነስ ለእኔ የሚተርፍ ነገር የለም። «በቅናሽ» የገዛሁት ዕቃ ገበያ ውስጥ ካለው ሁሉ ውድ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የጠርሙስ ዋጋ አልጠይቅም። የምጠይቀው ለአንድ ፊት ስንት ብር ይወጣል ብዬ ነው። ለዚህ ደግሞ መለኪያ ያስፈልጋል። ከፋርማሲ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው ገዛሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ዕቃ ፊት ላይ ከማድረጌ በፊት በሲሪንጅ ለካሁ። ረዳቴ ክሌንዘሩን ሦስት ጊዜ ትጫነው ነበር፤ ሁለቴ በቂ እንደሆነ አብረን አየን። እውነቴን ነው፣ ብራንድ ከመቀየር በላይ ያተረፈኝ ይህ ሲሪንጅ ነው።

አሁን ያለኝን ሒሳብ እንዳለ ላስቀምጠው። ዋጋው በየወሩ ስለሚቀያየር ቁጥሩን ትታችሁ አሠራሩን ያዙ። አንድ ሊትር ክሌንዘር በ6,000 ብር ገዝቻለሁ፤ ለአንድ ሰው 8 ሚሊ ሊትር ይበቃኛል፣ 48 ብር። በውሃ የሚለወስ የኢንዛይም ማጽጃ 200 ግራም በ5,000፤ ለአንድ ሰው 4 ግራም፣ 100 ብር። ከውሃ ጋር ተለውሶ ፊት ላይ እንደ ጎማ የሚረጋው የአልጂኔት ማስክ ኪሎው 4,500፤ 30 ግራም ሲሄድ 135 ብር። 100 ሚሊ ሊትር ሴረም በ4,000፤ አንድ ሚሊ ሊትር ተኩል 60 ብር። ሞይስቸራይዘር (ማለስለሻ ቅባት) 40፣ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ) 50። ድምሩ 433 ብር ነው። ከማስከፍለው 1,500 ከአንድ ሦስተኛ በታች ማለት ነው። እኔ ከአንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ ወስኛለሁ። ያለፈ ቀን ወይ ዋጋ እጨምራለሁ ወይ አንድ ዕቃ እቀይራለሁ።

ትልቅ ጠርሙስ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። ያው ክሌንዘር 200 ሚሊ ሊትሩ 1,800 ብር ነው፤ በሚሊ ሊትር 9 ብር። ሊትሩ 6 ብር ይመጣል። ለክሌንዘር ሊትሩን ግዙ። ሴረም ላይ ግን በሳምንት ስምንት ፌሻል የምትሠሩ ከሆነ የምታወጡት 12 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። 500 ሚሊ ሊትር ብትገዙ 41 ሳምንት ይቆያል። ሳታገባድዱት ይበላሻል። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ጣሳ ሥዕል አለ፤ ውስጡ ወይም ሥሩ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ የሚናገረው እሱ ነው። እኔ ስከፍት ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፌ እለጥፍበታለሁ።

ታዋቂዎቹን አላየሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቻለሁ። ደርማሎጂካን የመሰለ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ለባለሙያ ተብሎ የተጀመረ ስም ማን ይጠላል። ግን የእኔ ሰፈር ደንበኛ የምትከፍለውንና የእኔን ካፒታል ሳስብ ለመጀመሪያ ዓመት አይሆንም። በሌላ በኩል እንደ ሴራቪና ዘ ኦርዲናሪ ያሉት ዋጋቸው ደህና ነው፤ የቤት ዕቃ ናቸው። ለደንበኛ ቤት እንድትጠቀም እመክራቸዋለሁ። ለአልጋ ሥራ ስንጠቀምባቸው ግን ጠርሙሱ ትንሽ ነው፣ በሒሳቡ ይወደዳል። ደግሞ ደንበኛዋ ራሷ ሱቅ የምታገኘውን ነገር ቀብቼ 1,500 ብር ስጠይቃት ደስ አይለኝም። እኔ የመረጥኩት በመሀል ያለውን ነው፤ ለሳሎን ተብሎ በሊትርና በኪሎ የሚመጣ፣ ማሸጊያው የማያምር፣ ማስታወቂያ የሌለው። ደንበኛ ጠርሙሱን አታየውም፤ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትተኛው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ቆዳችን።

በጥቅምት ወር አንዲት አርባዎቹ ውስጥ ያሉ ደንበኛ መጡ። ማዲያት ጉንጫቸውን ይዞታል። «ልጄ፣ ይሄን ነገር ካጠፋሽልኝ ሰፈሩን በሙሉ አመጣልሻለሁ» አሉኝ። እኔም ያን ጊዜ ከዚያ ስብስብ ጋር የመጣ፣ የላይኛውን ቆዳ የሚልጥ 30 በመቶ ግላይኮሊክ አሲድ ነበረኝ። ሥልጠና ላይ አንድ ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ። «እትዬ፣ ትንሽ ያቃጥላል፣ ይቻሉት» ብዬ አምስት ደቂቃ አቆየሁት። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። በሁለት ሳምንቱ ሲመለሱ ማዲያቱ ሰፍቶና ጠቁሮ ነበር። አልጮኹብኝም። «ምን አደረግሽኝ ልጄ» ብቻ ነው ያሉኝ። እስከ ዛሬ ድምፃቸው አይጠፋኝም።

ብራቸውን መለስኩ። ዘነበወርቅ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል፣ የቆዳ ክፍል፣ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ያለችኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «ጠይም ቆዳ ሲቆጣ የሚመልሰው በጥቁረት ነው።» ብጉር ቢሆን፣ ጭረት ቢሆን፣ አሲድ ቢሆን፣ የቀላው ነገር ሲድን ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ነጭ ቆዳ ላይ ቀልቶ በሳምንት የሚጠፋው፣ እኛ ላይ ወራት ይቆያል። ብዙ የፌሻል ዕቃ ደግሞ የሚሞከረውም ማስታወቂያው የሚሠራውም በነጭ ቆዳ ነው።

ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ይህ ቆዳ ያስቆጣል?» ይሁን። አሲድ ከተባለ ስሙንና መጠኑን አንብቡ። ግላይኮሊክ ጥቃቅን ስለሆነ ቶሎና ጠልቆ ይገባል፤ ልምድ ለሌለው እጅ አስቸጋሪ ነው። ማንደሊክና ላክቲክ ከሱ ቀስ ይላሉ። ለወዛምና ብጉር ለሚበዛበት ፊት ሳሊሲሊክ ጥሩ ነው፤ ወዝ ውስጥ ስለሚሟሟ የቆዳ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። እርጉዝ ደንበኛ ከሆነች ግን ፒሊንግ የሚባለውን፣ ቆዳ በአሲድ መላጥን፣ ሁሉ ተዉት። ከመቶኛው እኩል የሚያስፈልገው የአሲድነቱ ልክ፣ ፒኤች የሚሉት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። አሜሪካ ውስጥ የኮስሞቲክስ ደኅንነት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ግላይኮሊክ ለቤት ሲሆን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥና ፒኤቹ ከ3.5 እንዳያንስ፣ ለሠለጠነ የሳሎን ባለሙያ ደግሞ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥና ከ3 እንዳያንስ ብለዋል። የእኔ ጠርሙስ ላይ ፒኤች የሚል ቃል አልነበረም። አሁን ሻጩ ፒኤቹን የማያውቅ ከሆነ አሲዱን አልገዛም። ከላቦራቶሪ ዕቃ መሸጫ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ገዝቼም አስቀምጫለሁ።

ለመጀመሪያው ዓመት አሲድ ጭራሽ ባትገዙ እመርጣለሁ። ከፓፓያ የሚወጣው ዓይነት ኢንዛይም ማጽጃ የሞተ ቆዳን በለሆሳስ ያነሳል። ኒያሲናማይድ 4 ወይም 5 በመቶ ያለው ሴረም ጥቁር ነጥብን ቀስ እያለ ያቀላል፣ ብዙም አያስቆጣም። ሻካራ ስክራብ፣ በተለይ የተፈጨ የፍሬ ቅርፊት ያለበት፣ ከእኔ ሳሎን ወጥቷል።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳልነካው ማለፍ አልችልም። ሳሎን ስትከፍቱ በመጀመሪያው ወር «አቅሊኝ» የሚል ደንበኛ ይመጣል። ሁለተኛው ወር ላይ ደግሞ ስም የሌለው ጣሳ ይዞ «ይሄን ሽጪ፣ እጥፍ ታተርፊያለሽ» የሚል ነጋዴ ይመጣል። ሚክስ ይሉታል። ብሩ ያጓጓል። እባካችሁ እጃችሁን አታስገቡ። እንዲህ ያለ ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወይ ሃይድሮኪኖን ነው፣ ወይ ሜርኩሪ፣ ወይ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ስቴሮይድ፣ ሐኪም የሚያዘው ጠንካራ መድኃኒት። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከቅባት ውስጥ እንዲወጣ የተስማማበት በዚህ ነው። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከማንጫ ቅባት አስወጥቶታል። ስቴሮይድ ደግሞ በመጀመሪያ ተአምር ይመስላል። ብጉሩ ይጠፋል፣ ፊት ይቀላል፣ ያበራል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ፀጉር ይበቅላል፣ ሲያቆሙት ፊቱ ይነዳል።

አሁን አዲስ ደንበኛ ስትመጣ አልጋ ላይ ከማውጣቴ በፊት «የኔ ቆንጆ፣ ቤት ምን ትቀቢያለሽ? ጣሳውን አሳዪኝ» እላለሁ። ሚክስ የምትቀባ ከሆነ ፌሻል አልሠራላትም። በአንዴ አቁሚም አልላትም፤ አቋቋሙን የሚያውቀው ሐኪም ነው። ወደዚያ እልካታለሁ። ሥራ ያመልጠኛል፤ ይሁን። አንዳንዷ ተናዳ ትሄዳለች። አንዳንዷ ግን ከወራት በኋላ ሐኪም ዘንድ ደርሳ ትመለሳለች።

ሰንስክሪን ላይ አትቆጥቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የማይነካን ይመስለናል፤ ከፍታው ግን ጨረሩን ያበረታዋል። ማዲያት ላይ የፈለጋችሁትን ብትቀቡ ያለ ሰንስክሪን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ችግሩ ቀለሙ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ኤስፒኤፍ 50 ዚንክ ያለበት ነበር። አንዷ መስተዋት አይታ «ዱቄት የተነፋብኝ መሰልኩ» አለችኝ። ልክ ናት። ጠይም ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀር ሰንስክሪን ማንም ቤት ወስዶ አይቀባውም። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ናሙና እጠይቅና በእኔና በረዳቴ ጉንጭ ላይ፣ ውጭ በቀን ብርሃን፣ እናየዋለን። እሷ ጠቆር ትላለች፣ እኔ ጠይም ነኝ። ሁለታችንም ላይ ካልጠፋ አልገዛም። ቡናማ ቀለም ያለበት ሲገኝ ለማዲያት ይመረጣል፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል።

ውሃ ደግሞ አለ። እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይጠፋል። የሸክላ ማስክ ፊት ላይ ደርቆ ሲታጠብ ስንት ጆግ ውሃ እንደሚፈጅ የገባኝ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ነው። አልጂኔቱን የመረጥኩት ለዚያ ነው፤ እንደ ጎማ ተላጦ ይነሳል፣ በእርጥብ ፎጣ ይጠረጋል። መብራት ሲጠፋም ስቲም (የእንፋሎት ማሽኑ) ይቆማል። ስቲም የግድ የሚፈልግ ዕቃ ካለ ተጠባባቂ እንዳላችሁ አስቡ። እኔ ጋር የፈላ ውሃ በፔርሙስ አለ፤ ፎጣ በሱ አሙቄ እጠቀማለሁ።

ስለ አስመጪው አጭር ልበል። ደረሰኝ የማይሰጥ ከሆነ ውጡ። ዕቃው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል ያለፈ መሆኑን ወረቀት ጠይቁ፤ ጨዋ ነጋዴ አይከፋም። የማብቂያ ቀኑን በጥፍራችሁ ፈትጉት። «ይህን ዕቃ ለመጨረሻ ጊዜ ያስመጣችሁት መቼ ነው? ቀጣዩስ?» በሉ። የውጭ ምንዛሪ ነገር ስላለ አንዳንዱ አንዴ አምጥቶ ስድስት ወር ይጠፋል። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ በሻንጣ ትልክልኝ ነበር፤ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ሲያልቅ ግን ቀጣዩ መንገደኛ እስኪመጣ ደንበኛዬ ትጠብቃለች። ዋናውን ዕቃ ከሻንጣ አትጠብቁ። ሥልጠና የሚሰጥ አስመጪ ካገኛችሁ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ያዙት። የእኔው አስመጪ ለግማሽ ቀን አስተምሮናል፤ በዚያ ግማሽ ቀን ያወቅሁት ከሦስት ወሩ ይበልጣል።

ማንኛውንም አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ከጆሮ ኋላ ወይም ክንድ ውስጥ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። በተለይ ሙሽራ ላይ። እኛ ጋር ሙሽሮች ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ ይበዛሉ። ለጥር ሠርግ ጥቅምት ላይ እንዲጀምሩ እነግራቸዋለሁ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ነገር አልነካም። ባለፈው ጥር አንዲት ልጅ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ከእናቷ ጋር መጥታ ፒሊንግ ካልሠራሽልኝ አለች። እናትየው ዋጋ እጥፍ እንከፍላለን አሉ። እምቢ አልኩ። ፊቷን አጥቤ፣ ማስክ አድርጌ፣ አለስልሼ ሸኘኋት። ስትወጣ አኩርፋ ነበር። የሠርጓ ማለዳ ግን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ፀጉሯን ልትሠራ በሬን ያንኳኳችው እሷ ናት። ሦስት ሚዜዎቿንም ይዛ ነበር።